ሰሌዳው የት ይቁም? ኤሜት ቲልና የመንገድ ዳር ታሪክ ፖለቲካ

ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ በአሮጌው ዩ.ኤስ. 1 አውራ ጎዳና ወደ ሪችመንድ የሚወርድ መንገደኛ በግራም በቀኝም ተመሳሳይ ሰሌዳዎች ያጋጥሙታል፤ ብርማ መደብ፣ ጎልተው የወጡ ጥቁር ፊደላት፣ አንድ የብረት ምሰሶ። በዚያ አካባቢ ለሚኖረው ወገናችን እነዚህ ሰሌዳዎች እንደ መብራት ምሰሶው ሁሉ የአካባቢው መልክ ክፍል ሆነዋል፤ መኪናውን አቁሞ የሚያነባቸው ግን ጥቂት ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት ከማያነቡት አንዱ ነበርሁ።

ቨርጂንያ ይህን ሥራ የጀመረችው በ1927 ነው (በዚህ ጽሑፍ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ ከዚህ የሚቀድሙ መሰል ፕሮግራሞች ጥቂት ናቸው። ዓላማው ታሪክ ብቻ አልነበረም፤ የግል መኪና በተስፋፋበት፣ ግዛቶች አውራ ጎዳና በሚዘረጉበት ዘመን መንገደኛውን አቁሞ ገንዘቡን በአካባቢው እንዲያጠፋ ማድረግም ነበር። ስለዚህም የመጀመሪያዎቹ ሰሌዳዎች ባለመኪና የሚወደውን ተረኩ፤ የቅኝ ግዛት ዘመን መኖሪያ ቤቶችን፣ የጄኔራሎችን ጉዞ፣ የእርስ በርሱን ጦርነት ውጊያዎች። ዛሬ በግዛቲቱ ከ2,600 በላይ ሰሌዳዎች ቆመዋል፤ ከቅርብ አሥርተ ዓመታት ወዲህም የጥቁሮች፣ የሴቶችና የቀደምት ሕዝቦች ታሪክ እየተጨመረ መጥቷል። አሠራሩ ግን በመሠረቱ የቢሮ አሠራር ነው። አንድ ማኅበር ወይም ግለሰብ ማመልከቻ ያቀርባል፤ ወጪውን ይሸፍናል፤ ባለሙያዎች ማስረጃውን ይመረምራሉ፤ ቦርድ ያጸድቃል፤ ጽሑፉም ከመቶ ቃላት ገደማ እንዳይዘልቅ ይደረጋል።

በመቶ ቃላት ምን ሊባል ይችላል? ምን እንደተፈጸመ፣ ማን እንደፈጸመው፣ መቼ እንደሆነ። አራተኛውን ነገር ግን ጽሑፉ አይናገረውም፤ ምሰሶው ራሱ ይናገረዋል። ምሰሶ መሬት ውስጥ ሲተከል «እዚህ ነው» ማለቱ ነው። ስለ ታሪክ ሰሌዳዎች በምንከራከርበት ጊዜ ሁሉ ዐይናችን ቃላቱ ላይ ያርፋል፤ ማን ተመሰገነ፣ ማን ተዘለለ እንላለን። «እዚህ ነው» የሚለውን ግን እንደ ተራ የአቅጣጫ ጉዳይ አይተን እናልፈዋለን። ይህ ስሕተት መሆኑን ከሁሉ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳየው ከቨርጂንያ ርቆ በሚሲሲፒ ዴልታ ያለ አንድ ታሪክ ነው። በዚያ ቦታ የሚለው ጥያቄ የሥልጣን፣ የሥልጣኑም ጥያቄ የፍርድ ጥያቄ ነበር።

ኤሜት ቲል የ14 ዓመት ልጅ ነበር። በ1955 የበጋ ዕረፍት ከቺካጎ ተነሥቶ የእናቱን ዘመዶች ሊጠይቅ ወደ ሚሲሲፒ ወረደ። ሌፍሎር ካውንቲ ውስጥ መኒ በምትባል ትንሽ መንደር፣ ባልና ሚስት በሚያስተዳድሩት ሱቅ ውስጥ ለነጯ ባለ ሱቅ አፏጨ ተባለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ እሑድ ነሐሴ 28 ሊነጋጋ ሲል፣ ሮይ ብራያንት የተባለው የሴቲቱ ባልና የእናቱ ልጅ የሆነው ወንድሙ ጄ. ደብልዩ. ማይላም መሣሪያ ይዘው ልጁ ካረፈበት ከሽማግሌው ከሞዝ ራይት ቤት ወሰዱት። ከሦስት ቀን በኋላ አስከሬኑ ከታላሃቺ ወንዝ ወጣ፤ አንገቱ ላይ ከባድ የጥጥ መዳመጫ ማራገቢያ በእሾሃማ ሽቦ ታስሮበት ነበር። እናቱ ሜሚ ቲል ሬሳ ሣጥኑ ተከፍቶ ሕዝብ እንዲያየው አደረገች፤ ጄት የተባለው የጥቁሮች መጽሔትም ፎቶግራፉን አወጣው። የቀረው ዓለም የሚያውቀው ታሪክ ከዚህ ይጀምራል።

እኛን የሚያቆመን ግን የካውንቲ ወሰን ነው። ልጁ የተወሰደው ከሌፍሎር ነበር። አስከሬኑ የተገኘው ወንዙ ታላሃቺ ካውንቲን በሚያቋርጥበት በኩል ስለሆነ፣ የዚያ ካውንቲ ሸሪፍ የነበረው ስትራይደር ጉዳዩ የእኔ ነው አለ። ችሎቱም ሰምነር በምትባለው ከተማ ተሰየመ። በታላሃቺ ከነዋሪው የሚበዛው ጥቁር ሲሆን በመራጭነት የተመዘገበ አንድም ጥቁር አልነበረም፤ የጁሪ አባላት የሚመረጡት ደግሞ ከመራጮች መዝገብ ነበር። ስለዚህ ፍርድ ሰጪዎቹ 12 ነጭ ወንዶች ሆኑ። ጉዳዩን የእኔ ነው ብሎ የወሰደው ሸሪፍ ራሱ ኋላ ለተከሳሾች ምስክር ሆኖ ቆመና የተገኘው አስከሬን የማን እንደሆነ አይታወቅም ሲል መሰከረ። ልጁ የሟች አባቱ ስም ፊደላት የተቀረጹበትን ቀለበት በጣቱ እንዳደረገ ነበር የተገኘው።

ችሎቱ እየተካሄደ ሳለ አዲስ ነገር ተሰማ። ጥቁር ጋዜጠኞችና ሐኪሙ ዶክተር ሃዋርድ በየእርሻው እየዞሩ ምስክር ሲያፈላልጉ፣ ዊሊ ሪድ የተባለ የ18 ዓመት ወጣት አገኙ። ወጣቱ በዚያ እሑድ ጠዋት በድሩ ከተማ አጠገብ ባለ አንድ እርሻ በእግሩ ሲያልፍ ከጎተራው ውስጥ የድብደባና የጩኸት ድምፅ ሰምቷል፤ ማይላም ሽጉጥ ታጥቆ ከዚያ ሲወጣም አይቷል። እርሻውን የሚያስተዳድረው የማይላም ወንድም ነበር። ጎተራው ያለው ግን በታላሃቺም በሌፍሎርም አይደለም፤ በሦስተኛ ካውንቲ፣ በሰንፍላወር ነው። የሪድ ቃል እውነት ከሆነ ግድያው የተፈጸመው ሌላ ዳኝነት በሚገዛው መሬት ላይ ነው፤ እጃቸው ያለበትም ሰዎች ከሁለት ይበልጣሉ። ሪድ ሰምነር ድረስ መጥቶ በነጮች ፊት ድምፁ እየቀነሰ መሰከረ፤ ከዚያም ነፍሱን ለማዳን ወደ ቺካጎ ሸሸ። ሽማግሌው ራይትም በችሎት ቆሞ ማይላምን በጣቱ አመለከተ። ችሎቱ ግን ከሰምነር አልተንቀሳቀሰም። ጁሪው 67 ደቂቃ ያህል ተመካክሮ ሁለቱን በነፃ ለቀቃቸው። በዚያው ዓመት ኅዳር የሌፍሎር ግራንድ ጁሪ በጠለፋው ወንጀል እንኳ ክስ አልመሠርትም አለ።

በጥር 1956 ሉክ የተባለው ታዋቂ መጽሔት የዊልያም ብራድፎርድ ሂዊን ጽሑፍ አወጣ። ሂዊ ለገዳዮቹ 4,000 ዶላር ገደማ እንዲከፈል ተስማምቶ ቃላቸውን ተቀብሎ ነበር። በነፃ የተለቀቀ ሰው በዚያው ወንጀል ዳግም ስለማይከሰስ፣ ሁለቱ ልጁን እንደገደሉት ያለ ፍርሃት ተናገሩ። ለአሜሪካ ሕዝብ ይህ ኑዛዜ ነበር፤ እውነቱ በመጨረሻ ወጣ ተባለ። እውነቱ ግን ግማሽ ነበር። ያልተከሰሰ ሰው ገና ሊከሰስ ይችላል፤ ስሙ በመጽሔት ቢጠራ ደግሞ መጽሔቱን በስም ማጥፋት ሊከስ ይችላል። ስለዚህ የሂዊ ጽሑፍ ነፃ ከወጡት ከሁለቱ በቀር ሌላ ሰው አልነበረም አለ። ሌላ ሰው ካልነበረ የወንድምዬው ጎተራም መኖር የለበትም። ጎተራው ከታሪኩ ወጣ፤ ድብደባው ግሌንዶራ በምትባለው መንደር ወዳለው ወደ ማይላም የራሱ ዕቃ ቤት ተዛወረ። ግሌንዶራ በታላሃቺ ካውንቲ ናት። እንዲህ ሆኖ አንድ ግድያ በመጽሔት ገጽ ላይ ከካውንቲ ወደ ካውንቲ ተሻገረ፤ ሰንፍላወርም ለአሥርተ ዓመታት ከነገሩ ነፃ ሆና ኖረች። ይህን የቦታ ለውጥ ደረጃ በደረጃ የተከታተለው በ2019 ስለ ቲል መታሰቢያዎች መጽሐፍ ያሳተመው ምሁር ዴቭ ቴል ነው፤ የሕግ ስጋት ካርታ ሊሥል እንደሚችል ከእርሱ ሥራ በተሻለ የሚያሳይ አላነበብሁም።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የደብረ ሊባኖስ ገዳም በሴራው ተባባሪ ተብሎ በግንቦት መነኮሳቱ ተጨፈጨፉ። ግራዚያኒ ለሮም በላካቸው ቴሌግራሞች የሟቾቹ ድምር 449 ነው። ኢያን ካምቤል በአካባቢው ለዓመታት ተዘዋውሮ ከሽማግሌዎችና ከዐይን ምስክሮች ያሰባሰበው መረጃ ግን ቁጥሩን በብዙ እጥፍ ያሳድገዋል። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ከቁጥሩ ሌላ ነገርም አለ። መነኮሳቱ የተገደሉት በገዳሙ ቅጥር አልነበረም፤ በጭነት መኪና ተግዘው ላጋ ወልዴ በሚባል ስፍራ ነው። ወጣቶቹ ዲያቆናት ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃን አቅጣጫ ተወስደው እንገጫ ላይ ተረሸኑ። ገዳሙ ስሙን ሰጠ፤ ደሙን የተቀበለው መሬት ግን ሌላ ነው። ቦታውን ያቆየው ሰሌዳ ሳይሆን በዚያ ዙሪያ የሚያርሰው ገበሬ ትዝታ ነበር። ገበሬው ባይጠየቅ ኖሮ የሚቀረን የገዳዩ ቴሌግራም ብቻ ነበር፤ በሚሲሲፒ ለሃምሳ ዓመት የቀረው የገዳዮቹ የመጽሔት ቃል እንደነበረ ሁሉ።

በእርግጥም በሚሲሲፒ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በመንገድ ዳር ምንም አልቆመም ለማለት ይቻላል። ለውጡ የመጣው በ2005 ነው። የግዛቲቱ ሕግ አውጪ ከአውራ ጎዳና 49 ምሥራቅ 32 ማይሉን በኤሜት ቲል ስም ሰየመው። በ2004 ምርመራውን ዳግም የከፈተው ኤፍ.ቢ.አይ. በዚያው በ2005 አስከሬኑን ከመቃብር አወጣ፤ የሟቹ ማንነትም ያለ ጥርጥር ተረጋገጠ። የስትራይደር ቃል የተሻረው ግማሽ ምዕተ ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ነው። ምርመራው ድሩ አጠገብ ያለውን ጎተራም ወደ ታሪኩ መለሰው። ይሁንና በ2007 የሌፍሎር ግራንድ ጁሪ አሁንም ክስ አልመሠርትም አለ።

ፍርድ ቤቱ የተወውን የካውንቲው አስተዳደር በሌላ መንገድ ያዘው። በታላሃቺ የአስተዳደር ቦርድ የመጀመሪያው ጥቁር ሊቀመንበር የነበሩት ጀሮም ሊትል በ2006 ነጭና ጥቁር አባላት በእኩል የሚቀመጡበት የኤሜት ቲል መታሰቢያ ኮሚሽን አቋቋሙ። ጥቅምት 2 ቀን 2007 ኮሚሽኑ በሰምነር ፍርድ ቤት ደጃፍ ለቲል ቤተሰብ ይቅርታ የሚጠይቅ ጽሑፍ በአደባባይ አነበበ። በ2008 ደግሞ ከታሪኩ ጋር በተያያዙ ስምንት ስፍራዎች ሰሌዳ አቆመ።

እዚህ ላይ ስለ ገንዘብ መናገር ግድ ነው። (የመንደሩ ስም መኒ መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ግን ጥሩ አጋጣሚ ነው።) ሰምነር የካውንቲዋ ሁለተኛ መቀመጫ ናት፤ ፍርድ ቤቷ እየፈረሰ ነበር፤ ሕንፃው ካልታደሰ ከተማዋ የነበራትን ጥቂት የመንግሥት ሥራ ታጣለች። ለተራ የገጠር ፍርድ ቤት እድሳት ገንዘብ የሚሰጥ ማግኘት ከባድ ነው፤ የኤሜት ቲል ጉዳይ ለታየበት ፍርድ ቤት ግን ይገኛል። ሕንፃው በመጨረሻ የ1955 መልኩን ይዞ ታደሰ። በኮሚሽኑ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ በአንድ ምክንያት አልተቀመጡም ማለት ነው፤ አንዱ ፍትሕ ብሎ፣ አንዱ ከተማዬ እንዳትሞት ብሎ። እኔ በዚህ አልሳለቅም። ንጹሕ ምክንያት ብቻ ቢጠበቅ ኖሮ ይቅርታውም ሰሌዳውም ባልኖረ። ግሌንዶራም እንዲሁ ድኻ መንደር ናት፤ በአሮጌ የጥጥ መዳመጫ ውስጥ ሙዚየም ከፍታ ማራገቢያው የተወሰደው ከዚህ ነው፣ አስከሬኑም የተጣለው ከእኛ ድልድይ ነው ትላለች። ለዚህ የሚጠቀሰው ማስረጃ አከራካሪ ነው፤ መንደሪቱ ከዚህ ሌላ ለመንገደኛ የምታሳየው ብዙ ነገር እንደሌላት ግን አያከራክርም።

ከሁሉ የሚያስገርመው የመኒው ነው። ነገሩ የተጀመረበት የብራያንት ሱቅ በ1955 ከጁሪው አባላት አንዱ በነበረ ሰው ወራሾች እጅ ነው። ሱቁ ጣሪያው ወርዶ፣ ግድግዳው በሐረግ ተውጦ ፍርስራሽ ሆነ። ከአጠገቡ ያለውና የእነዚሁ ሰዎች የሆነው አሮጌ የነዳጅ ማደያ ግን በ2011 ለሲቪል መብት ታሪካዊ ስፍራዎች ከተመደበው የግዛቲቱ ገንዘብ ከ200,000 ዶላር በላይ ተፈቅዶለት አምሮ ታደሰ። ማደያው ከግድያው ጋር የሚያያይዘው ነገር ጎረቤት መሆኑ ብቻ ነው። የታደሰው የመንደሩ የቀድሞ ጊዜ ጨዋታና ናፍቆት ሲሆን የፈረሰው ማስረጃው ነው። በሱቁ ፊት በ2011 የቆመውም ሰሌዳ በ2017 ተቧጥጦ ጽሑፉና ሥዕሉ ተገፈፈ። የፖሊሲ ባለሙያ የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ የሚያውቀውን ነገር ያገኛል፤ ድጎማ የሚከተለው በማመልከቻው ላይ የተጻፈውን ነው፣ ማመልከቻ የሚጽፈውም የንብረቱ ባለቤት ነው።

አሁን ወደ ወንዙ እንመለስ። ከስምንቱ ሰሌዳዎች አንዱ የቆመው ግራቦል ላንዲንግ በሚባል የወንዝ ዳርቻ፣ ከዋናው መንገድ በጠጠር መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ አስከሬኑ የወጣበት ስፍራ ይህ ነው ተብሎ። ብዙም ሳይቆይ ሰሌዳው ተነቅሎ ጠፋ፤ ወንዙ ውስጥ እንደ ተጣለ ይታመናል። ሁለተኛ ቆመ። ለዓመታት መተኮሻ ኢላማ ሆኖ ሲነሣ 317 የጥይት ቀዳዳ ተቆጠረበት። በሰኔ 2018 ሦስተኛው ቆመ፤ 35 ቀን ብቻ ቆይቶ ተመታ። በ2019 የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተማሪዎች ጠመንጃ ይዘው በተበሳው ሰሌዳ ፊት ፈገግ ብለው የተነሡት ፎቶግራፍ ይፋ ሆነና አገር ተነጋገረበት። በዚያው ዓመት ጥቅምት አራተኛው ቆመ። ይህኛው ከ500 ፓውንድ በላይ የሚመዝን፣ ጥይት እንዳይበሳው ተደርጎ የተሠራ ብረት ነው። 317 ቀዳዳ ያለበት ሁለተኛው ደግሞ በ2021 ዋሽንግተን ባለው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ለሕዝብ ታየ። ስለ ግድያ እንዲናገር የተሠራ ብረት ራሱ የሙዚየም ዕቃ ሆነ፤ ጎብኚዎች የሚያነቡት የላዩን ጽሑፍ ሳይሆን ቀዳዳዎቹን ነበር።

አስከሬኑ በእርግጥ የወጣው ከግራቦል ላንዲንግ ነውን? ማስረጃው ቀጭን ነው። ወንዙ ረጅም ነው፣ የ1955 ቃሎችም ቦታውን በትክክል አይገጣጥሙትም፤ ኮሚሽኑ ስፍራውን የመረጠው ካለው መረጃ የተሻለውን አገኘሁ ብሎ፣ መንገደኛም ሊደርስበት ስለሚችል ነው። ስለዚህ አንድ ጠንቃቃ ቦርድ ማስረጃ ይሟላ ብሎ ማመልከቻውን ሊመልሰው ይችል ነበር፤ በአሠራሩም ባልተሳሳተ። ግን የተኮሱት ሰዎች የታሪክ ምንጮችን አመሳክረው አልተኮሱም። በጨለማ በጠጠር መንገድ መጥተው በተደጋጋሚ ሲተኩሱ ቦታው የኤሜት ቲል መሆኑን በራሳቸው መንገድ መሰከሩ። ከ2008 ወዲህ በዚያ ዳርቻ የደረሰው ነገር በ1955 በዚያው ደረሰ ከሚባለው ይልቅ በሰነድ የተረጋገጠ ነው።

ሐምሌ 25 ቀን 2023፣ ኤሜት ቲል ቢኖር 82 ዓመት በሚሞላው ዕለት፣ ፕሬዚዳንት ባይደን የኤሜት ቲልና የሜሚ ቲል-ሞብሊ ብሔራዊ መታሰቢያን የሚያቋቁም ዐዋጅ ፈረሙ። በመታሰቢያው የተካተቱት ሦስት ስፍራዎች ናቸው፤ የቀብሩ ሥነ ሥርዐት የተፈጸመበት የቺካጎው ሮበርትስ ቴምፕል ቤተ ክርስቲያን፣ የሰምነር ፍርድ ቤትና ግራቦል ላንዲንግ። ዊሊ ሪድ ጩኸቱን የሰማበት የሰንፍላወሩ ጎተራ፣ በግል ይዞታ ውስጥ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ የኖረው፣ በዐዋጁ ከተዘረዘሩት ስፍራዎች ውስጥ የለም።